ረጅሙና አጭሩ የዋሻ ሽበት

ረቡዕ፣ ኅዳር 7 ቀን 1959 ዓ.ም.፤ ፍኖተ ሰላም፤ ከቀኑ 10 ሰዓት

ዛሬም ከክፍል እንደ ወጣሁ ማይክሮስኮፑ ላይ። መስኮት ዳር። የማይክሮስኮፑ መስተዋት ተሰንጥቋል፤ ፀሐይ ካዘቀዘቀች ምንም አያሳይም። ያለችኝን ብርሃን መሻማት ነው። የደረቀውን ሽበት በስኒ ማስቀመጫ ውሃ ነከርኩት። እንደ ልማዱ ነፍስ ዘራ። ስንት ሳምንት ወረቀት ውስጥ ደርቆ የከረመ ነገር፣ ጠብታ ውሃ ሲያገኝ ቅጠሉን ዘርግቶ ይነሣል። እኔንስ ማን በነከረኝ!

ያለፈው ደብተር ስላለቀ አንተ አዲሱ ነገሩን ከመሀል ነው የምትሰማው ወዳጄ። ታገሠኝ። ከሽንዲ በታች፣ አገሩ ወደ ዓባይ ማቆልቆል ሲጀምር፣ የኖራ ድንጋይ ዋሻ አለ። የገብርኤል ጠበል ነው። ጣሪያው በጋ ከክረምት ይንጠባጠባል፤ ግድግዳው አረንጓዴ ለብሷል። ሰዉ የድንጋይ ሽበት ይለዋል፤ መጽሐፉ ሞስ ይለዋል። በጥቅምት ሄጄ ሁለት ዓይነት አመጣሁ። አንዱ ረጅም፣ አንዱ አጭር። መልካቸው የእናት ልጅ ነው።

ኮሌጅ ሳለሁ ያስተማሩኝ ፈረንጅ ፕ/ር አሉ፤ አዲስ አበባ (አ.አ.)። ሁለቱንም ላክሁላቸው። ረጅሙ መጽሐፋቸው ውስጥ አለ። አጭሩ የለም። አጭሩ ራሱን የቻለ ዓይነት ከሆነ ማንም ያልጻፈው አዲስ ነው። አዲስ ከሆነ ደግሞ የደረቁ ዕፀዋት በሚቀመጡበት ክፍል ረዳታቸው አድርገው ይወስዱኛል። ቃላቸው ነው። ለእኔ ከጠመኔ ብናኝና ከዚህ ጫጫታ መገላገል። ለየሺ ደግሞ እናቷ።

የሺ ሚስቴ ናት፤ የአ.አ. ልጅ። እናቷ እማማ ደስታ እዚያ ብቻቸውን ናቸው፤ ዓይናቸው እየፈዘዘ ነው። እዚህ ይምጡ ብንላቸው ከደብሬ ርቄ አልሞትም ብለው እምቢ አሉ። ስለዚህ የሺ ተስፋዋን ሁሉ በዚህ ጥፍር በሚያክል ሽበት ላይ ጥላለች። ብርሃኑ ሄደ። በቃኝ።


ዓርብ፣ ኅዳር 9፤ ምሳ ሰዓት

ልዩነቱን ላንተም ልጻፍልህ፤ ስጽፈው ይጠራልኛል።

ረጅሙ፦ ቅጠሉ ጫፉ ላይ እንደ ጸጉር ይቀጥናል። የቅጠሉ መሀል ሥር እስከ ጫፉ ዘልቆ ያልፋል። በቀይ ዘንግ ላይ ትንሽ የፍሬ ከረጢት ይሸከማል። አጭሩ፦ ቅጠሉ ጫፉ ዱልዱም። መሀል ሥሩ ጫፍ ሳይደርስ ይቆማል። ጸጉር የለ፣ ከረጢት የለ። ሌላው ሌላው ግን አንድ ነው፤ ቀለሙ፣ ግንዱ፣ ሥሩ። ይኸው ነው ዓይኔን የሚያፈርጠው።

ረጅሙን ከበቀለበት ቦታ አላየሁትም። ዋሻው መሀሉ ላይ መጋረጃ አለ፤ ከመጋረጃው ወዲያ ከካህን በቀር አይገባም። የጠበሉ ኃላፊ መሪጌታ ውበቱ ናቸው በእጃቸው ቀንጥሰው የሰጡኝ። አጭሩ ከመጋረጃው ወዲህ፣ ሰዉ ከሚጠመቅበት ግድግዳ ነው። እሱን ራሴ አነሣሁት።

ዲሬክተሩ ማይክሮስኮፑ ለስንት ጊዜ ቤትህ ያድራል ብሎ ጠየቀኝ። አንድ ሳምንት አልኩት። ባለፈውም አንድ ሳምንት ነበር ያልኩት። የሺ በበሩ ሳልፍ ዛሬስ አያ አጭሬ ምን አሉ ትለኛለች። አያ ረዝሜና አያ አጭሬ ብላ ስም አውጥታላቸዋለች፤ እንደ ጎረቤት። ዝም አሉ አልኳት። የጎጃም ሰው እኮ በቀጥታ አይናገርም፣ ዙረህ ጠይቀው አለችኝ። ደክሞኝም ሳቅሁ።


ሐሙስ፣ ኅዳር 15

ጾም ገባ። ሆዴ ከወዲሁ ይጮኻል።

ከፕ/ሩ መልስ መጣ። አጭሩ በጣም ደስ ብሏቸዋል። ግን የፍሬ ከረጢቱን ካላዩ ማንም አያምናቸውም፤ የሞስ መታወቂያው ከረጢቱ ነው። ከረጢት የተሸከመ አጭር ሞስ ፈልገህ ላክ ይላሉ። ደግሞም ጽሑፍህን አጉላው ብለዋል፤ ዓይኔ ደክሟል፣ ማይክሮስኮፕ ላይ ከጥቂት ደቂቃ በላይ አይቆይልኝም፣ በአንተ ዓይን ነው የማየው። ይህቺ መስመር ደስ አለችኝ። ወዲያው ደግሞ ከበደችኝ።

ስለዚህ እንደገና ሽንዲ። እንደገና ያ ቁልቁለት። ጉልበቴ ከአሁኑ አመመኝ። የሺ ለመንገዴ ሽምብራ ቆላች፤ ያለ ልክ። አቁማዳውን ስታስረው ከንፈሯን ነክሳ ነው።  የእናቷ ነገር ነው፤ አውቃለሁ።


ቅዳሜ፣ ኅዳር 24፤ ሽንዲ፤ ወደ ማታ

ከፍ.ሰ. ቡሬ በጭነት መኪና፣ በሻካራ ጆንያ ላይ ተቀምጬ። ከቡሬ ሽንዲ በተከራየሁት በቅሎ። በቅሎዋ ከእኔ ትበልጣለች፤ በዕድሜም በብልሃትም። መንገዱ ሁሉ አጨዳ ነው። ጤፉ ወድቋል፤ አውድማው ተለቅልቋል። ሰዉ ጎንበስ ቀና ሲል አይቼ ሥራ የያዘኝ እኔ ብቻ አይደለሁም ብዬ ራሴን አጽናናሁ። አልተጽናናሁም።

ዋሻው አፍ ላይ ጫማ ይወልቃል። እህል የቀመሰ አይገባም። እኔም ውሃ እንኳ ሳልቀምስ ገባሁ። ውስጡ ይቀዘቅዛል፤ ውስጥ እግር ይቆረጥማል። ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ። በእጅ መነጽሬ ግድግዳውን ስንዝር በስንዝር ፈተሽሁት። አጭሩ ሞልቷል። ከረጢት የተሸከመ ግን አንድም የለ። አንገቴ ደርቆ ቀረ።

አንድ ቦታ ብቻ፣ ድንጋዩ የተሰነጠቀበት፣ ጣት የማያስገባ ስንጥቅ ውስጥ፣ ግራ የሚያጋባ ሽበት አገኘሁ። ከሥሩ አጭሩን ይመስላል፤ ከላይ ረጅሙን። ሁለቱ አብረው በቅለው ተጠላልፈው ይሆናል። በወረንጦ አውጥቼ በሌላ ወረቀት ጠቀለልኩትና “የተቀላቀለ” ብዬ ጻፍሁበት። ከዚያ በላይ ላስብበት አቅም አልነበረኝም።

መሪጌታ ውበቱ ዳዊታቸውን አጥፈው አዩኝ። ጠና ያሉ ሰው ናቸው፤ ድምፃቸው ግን የወጣት። ምን ፈለግህበት አሉኝ። የኔታ፣ ከመጋረጃው ወዲያ ያለውና ወዲህ ያለው ይለያያል ወይ ብዬ ነው አልኳቸው። እንዴት አይለያይ አሉ። የወዲያው የመልአኩ ነው፣ የወዲህኛው የሰው ነው፤ ከልጅነቴ ጀምሮ እንደዚሁ ነው የማውቀው። ልቤ ደስ አለው። ምስክር ያገኘሁ መሰለኝ። ሲሸኙኝ ለንግሡ ና፣ ታኅሣሥ ገብርኤል ዋሻው ታጥቦና ተሸልሞ ታየዋለህ አሉኝ። እግር ከተረፈኝ አልኳቸው። ሳቁ።


ረቡዕ፣ ኅዳር 28፤ ፍ.ሰ.

ሰኞን ከክፍል ቀርቼ ዲሬክተሩ አኮረፈኝ። ያኩርፍ። እግሬ ተላልጧል፤ የሺ ቅቤ ቀባችው። በጾም ቅቤ ለእግር ይፈቀዳል ወይ ብዬ ብጠይቃት አትልሰው እንጂ አለችኝ።

ሁለቱን እንደገና አነጻጸርሁ። ረጅሙ ረጅም ነው። አጭሩ አጭር ነው። “የተቀላቀለ” ያልኩት ወረቀት ጠረጴዛው ጥግ ላይ ተቀምጦ ያየኛል። አልፈታሁትም። ነገ።

ከሰዓት በኋላ ስገባ ሙቀጫችን የለም። ምነው ብላት ለወ/ሮ ጥሩነሽ ሰጠኋት አለች። ወ/ሮ ጥሩነሽ አጥር ብቻ የሚለየን ጎረቤት ናት፤ ጠላ ትሸጣለች። ያንን የሚያክል ግንድ አውቶቡስ ላይ ማን ይጭንልናል ትላለች የሺ። ገና ምኑም ሳይያዝ! ላም አለኝ በሰማይ እንዳይሆንብን አልኳት። ፊቷ ሲጠቁር አይቼ ተጸጸትሁ። ከእናቷ ሰፈር የመጣ ሰው ነግሯታል፤ እማማ ደስታ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ የራሳቸውን በር ስተው የሰው አጥር ሲዳብሱ ተገኝተዋል። ይህን ስትነግረኝ አላለቀሰችም። ሙቀጫው የነበረበትን ቦታ ብቻ ጠረገች።


ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 6

ሁለት ቀን ተኛሁ። የቆላው ወባ ነው፤ ብርድ ብርድ አለኝ፣ ኪኒን ዋጥሁ፣ ጆሮዬ ጮኸ።

ዛሬ ተነሥቼ ለፕ/ሩ ጻፍሁ። በትልልቁ። ሁለት ናቸው አልኩ። ልዩነቱን ሁሉ ዘረዘርሁ። ከረጢቱን ገና እየፈለግሁ ነው፣ ለንግሡ እመለሳለሁ አልኩ። ስለ ስንጥቁ ምንም አላልኩም። ምን ልበል? የተጠላለፈ ነገር ነው። ፖስታ ቤት አድርሼ ስመለስ ግን እግሬ ከበደኝ። ከሕመሙ ነው።


ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 15

ቴሌግራም! ቦታው ተይዞልሃል፣ ከጥምቀት በኋላ ና፣ ከረጢቱን ይዘህ ና።

የሺ እልል አለች። አጥሩ ማዶ ወ/ሮ ጥሩነሽ ምን እንደሆነ ሳታውቅ ተቀብላ አስተጋባችው። ሰፈሩ ወንድ ልጅ የተወለደ ሳይመስለው አልቀረም። የሺ ሣጥኑን ከአልጋ ሥር ጎትታ መጋረጃዎቹን አጣጠፈች። ቤቱ ወዲያው ራቁቱን ቀረ።

ደስ ብሎኛል። በእውነት ደስ ብሎኛል። ብቻ ደስታውም ሥራ ሆነብኝ፤ ሰኞ እንደገና መንገድ። ደስ ሲለኝ የሚደክመኝ ሰው ነኝ፤ እናቴ ትነግርህ ነበር። የሺ ትእዛዝ ጨመረችልኝ፦ ከገብርኤል እምነት አምጣልኝ፣ ለእናቴ ዓይን።


ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 18፤ ዋሻው አፍ፤ ከቀኑ 9 ሰዓት

በጥድፊያ ነው የምጽፈው፤ ፊደሌን ታገሠው።

ጠዋት ደረስኩ። ሰዉ ከወዲሁ ይተማል፤ ከማንኩሳ፣ ከቡሬ፣ ከቆላው። ዲያቆናቱ ከዋሻው ውስጥ ናቸው። ክሽ ክሽ የሚል ድምፅ ይሰማል። ጫማዬን አውልቄ ገባሁ።

ግድግዳውን እየፋቁት ነው። በአሮጌ ማጭድ። ከመጋረጃው ወዲህ ያለውን በሙሉ፣ ከወለሉ እስከ እጅ የሚደርስበት። አጭሩ ሞስ፣ የእኔ አጭሩ፣ በሰፌድ ላይ ይወርዳል። መሪጌታ ከዋሻው አፈር ጋር በእጃቸው ያሹታል። እምነት ነው። ነገ ለሕመምተኛ ይታደላል።

የኔታ፣ ይህ መቼ የተጀመረ ነው አልኳቸው። መቼ ይባላል እንዴ አሉኝ፤ መምህሬም ይፍቁ ነበር፣ የመምህሬ መምህርም። በየዓመቱ ለንግሡ ይፋቃል፣ ለከርሞ ደግሞ በቸርነቱ ይበቅላል። ከመጋረጃው ወዲያስ? ደነገጡ። ብረት ከመጋረጃ ያልፋል እንዴ! ወዲያ በብረት የነካ የለም።

ወዳጄ፣ ቁጭ አልኩ። እርጥቡ ድንጋይ ላይ።

የወዲያውን ብረት ነክቶት አያውቅም፤ ስለዚህ አርጅቷል፣ ረዝሟል፣ ጸጉር አብቅሏል፣ ፍሬ ተሸክሟል። የወዲህኛው በየዓመቱ ይላጫል። ፍሬ ለማፍራት ዕድሜው አይደርስም። ልጅ ነው። ልጅ ሆኖ ተላጭቶ፣ ልጅ ሆኖ እንደገና ይበቅላል። ከረጢቱን ያጣሁት ለዚህ ነው።

ተነሥቼ ወደ ስንጥቁ ሄድሁ። ማጭዱ የማይገባበት። በወረንጦ አንዱን ግንድ ከሥሩ ሳብሁት፤ በእጅ መነጽር አየሁት፤ ደግሜ አየሁት። ከታች ዱልዱሙ ቅጠል። ከላይ ባለ ጸጉሩ። ጫፉ ላይ ቀይ ዘንግና ከረጢት። የተጠላለፈ የለም። የተቀላቀለ የለም። አንድ ግንድ ነው።

ኅዳር ላይ እጄ ገብቶ ነበር እኮ። አንገቴ ደርቆ፣ ሆዴ ጮኾ፣ ወረቀት ላይ ቃል ጽፌ ጠቀለልኩት። ወይ ድካም! ወይ ጉጉት! የትኛው እንደሆነ እኔ ራሴ አላውቅም።

ለመሪጌታ ነገርኳቸው። የመልአኩና የሰው አንድ ናቸው፣ የሚለያቸው ማጭዱ ነው አልኳቸው። አልወደዱትም። ግንባራቸውን ቋጠሩ። ይህን በዋዜማ አይናገሩም አሉኝና ወደ ሰፌዳቸው ተመለሱ። ትንሽ ቆይተው ግን በቁጣ ድምፅ፣ ለመሆኑ እርግጠኛ ነህ ወይ አሉ። ከስንጥቁ አጠገብ መዳፍ የምታህል ቦታ ሳትፋቅ ለከርሞ ብትቆይ እርግጠኛ እሆናለሁ አልኳቸው። ሰፌዱን መሬት አስቀመጡ። ከዚያ ለዲያቆኑ በጣታቸው አሳዩት፤ ማጭዱ ያቺን ቦታ አለፋት።


ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 19፤ ገብርኤል

ንግሥ። ታቦቱ ወጣ፣ ገደሉ በእልልታ ተሞላ። እኔ ከሰው መሀል ቆሜ የማስበው ስለ ቅጠል ጫፍ ነው። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ሴቲቱን አልረሳትም። ልጇ በእጇ ይዛ ያመጣቻት ባልቴት፣ ዓይኗ ነጭ የለበሰ። መሪጌታ ከሰፌዱ ቆንጥረው በአውራ ጣታቸው ሽፋሽፍቷ ላይ ቀቡላት። ልጇ ጎንበስ ብላ መሬቱን ሳመች። አረንጓዴው በባልቴቷ ጉንጭ ላይ ወረደ። የእኔ አዲስ ዓይነት። እኔ ስሙን ሳወጣለት የከረምኩት።

ለየሺ እናት እምነት ተቀበልኩ። ፕ/ሩ ናሙና አድርግበት ብለው የላኩልኝን ወረቀት ነው ያጠፍኩበት፤ ሌላ አልነበረኝም። ከስንጥቁም ጥቂት ግንዶች ከነከረጢታቸው ያዝሁ። ለምን እንደያዝኳቸው ላንተም አልነግርህም ነበር። ግን ታውቃለህ።


ዓርብ፣ ታኅሣሥ 21፤ ፍ.ሰ.፤ ከሰዓት በኋላ

ልንገርህ እንግዲህ። ምላጭ አወጣሁ።

ከስንጥቁ ካመጣኋቸው አንዱን ግንድ ነከርኩት። ነፍስ ዘራ። ከላይ ያሉትን ባለ ጸጉር ቅጠሎች አንድ በአንድ በምላጭ ጫፍ አነሣኋቸው። ከታች ዱልዱሞቹ ቀሩ፤ ከላይ ቀዩ ዘንግ ከነከረጢቱ። አጭሩ ሞስ፣ ፍሬ ተሸክሞ። አማረ! ማይክሮስኮፑ ሥር ሳየው እኔ ራሴ ላምን ምንም አልቀረኝም። አ.አ. ሆኖ ይህን ዋሻ የሚያይ የለም። መሪጌታ አ.አ. አይሄዱም። ፕ/ሩ የሚያዩት በእኔ ዓይን ነው።

የሺ ከኋላዬ ቆማ ኖሯል። አያ አጭሬ ወለዱ እንዴ ብላ ጮኸች። በደስታ። መቼም ያን ድምፅ ሰምቶ መዋሸት ከባድ ነው፤ እውነት መናገር ደግሞ ይብሳል። ሁሉን ነገርኳት። ማጭዱን፣ መጋረጃውን፣ ስንጥቁን፣ ምላጩን። እየነገርኳት ምላጩን ከእጄ አላስቀመጥሁትም፤ በኋላ ሳይ ጣቴ ደምቷል።

ጎንበስ ብላ ስኒ ማስቀመጫውን አየች። ከዚያ ፕ/ሩ አይለዩትም ወይ አለችኝ። አይለዩትም አልኩ፤ ዓይናቸው ደክሟል። እንግዲያ ማን ያውቃል አለች። በቀስታ። ቁጣ ቢሆን በተሻለኝ።   እንድትለኝ ፈልጌ ነበር ወዳጄ፤ ይኸው ላክ፣ እንሂድ እንድትለኝ። ጥፋቱን እንድትካፈለኝ።

ሣጥኑ ላይ ተቀመጠች። ስለ እናቷ ጀመረች። ባለፈው ዓመት ከሰፈሩ ያለው ባለሱቅ የነቀዘ ምስር ሰፍሮላቸው፣ እማማ ደስታ ሳያዩ ቀቅለው በልተውታል። ጎረቤት ነው ከድስቱ ሥር ትሉን ያየው። የሺ ይህን በሰማች ቀን ሥራ ፈትታ ያለቀሰችውን ልቅሶ አስታውሳለሁ። ዓይኑ የደከመ ሰው የሚታለለው እኮ አምኖ ነው አለችኝ አሁን። ያንን ሰውዬ እስከ ዛሬ እረግመዋለሁ። አንተን ልረግምህ ነው እንዴ?

ከዚያ አለቀሰች። እኔም። ስኒ ማስቀመጫው ላይ ያለው ሞስ ብቻ ነው ቤት ውስጥ ደኅና የነበረው። አንሥቼ እሳት ውስጥ ጨመርሁት። ጨስ ብሎ ጠፋ።


ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 22፤ ረፋድ

ሌሊቱን ማናችንም በደንብ አልተኛንም። ጠዋት የሺ ቀድማኝ ተነሥታ እምነቱን የጠቀለልሁበትን ወረቀት በነጠላዋ ጫፍ ስትቋጥር አገኘኋት። ለእናትሽ በሰው እንላክላቸው አልኳት። አይላክም አለችኝ። ታዲያ? እዚህ መጥታ ትቀባው አለች። አልመጣም ብለዋል እኮ አልኩ። ለእኔ ቤት አትመጣም አለች የሺ፤ ለገብርኤል ጠበል ግን እምቢ አትልም። አመጣታለሁ። ከገና በኋላ ሄጄ እጇን ይዤ አመጣታለሁ። በዚያች በቅሎህ ሽንዲ ታወርዳታለህ።

እኔ? እንደገና? ያ ቁልቁለት?  ለማንኛውም ለከርሞ ልወርድ ነበር፤ ያቺን መዳፍ የምታህል ቦታ ለማየት። ረዝማ እንደሆነ።

ፖስታ ቤት ሄጄ የመልሱን ቴሌግራም ሰጠሁ። ሁለቱ አንድ ናቸው፣ ስሕተቱ የእኔ ነው፣ አልመጣም። ጸሐፊው አነበበና አዘነልኝ፤ የሞተብኝ ሰው መስሎት ነው። ፕ/ሩ ሌላ ረዳት ይፈልጋሉ። ይፈልጉ። ያመመኝ እሱ አይደለም። በአንተ ዓይን ነው የማየው ያሉኝ ነው።

ስመለስ የሺ መጋረጃዎቹን እየሰቀለች ነበር። ወንበር ላይ ቆማ፣ ሳትዞር፣ አሁን ሙቀጫዬን አምጣልኝ አለችኝ። እናቴን ሙቀጫ የሌለበት ቤት አላመጣትም። እኔ ነኝ የሰጠኋት፣ አንተ ነህ የምትቀበላት፤ እኔ አፍራለሁ። እኔስ? አልኳት። አንተ አስተማሪ ነህ፣ ለምደኸዋል አለች። ከትናንት ወዲህ የመጀመሪያ ቀልዷ ነው።

ሄድኩ። ወ/ሮ ጥሩነሽ ለገና ጠላ ጌሾ ትወቅጥበታለች፤ በእኛው ዘነዘና። ነገሩን ስነግራት ይእ! ብላ አፏን ያዘች። የሰጡትን መልሶ መቀበል! እኔ መሬት መሬት አየሁ። ከዚያ ምናችሁ ተሰናከለ አለችኝ። ምን ልበላት? የሺ እናቷን ልታመጣ ነው አልኳት። ፊቷ ፈታ አለ። በል ታዲያ ቁጭ በል፣ ይህቺን ጌሾ ልጨርስ አለች።

ተቀምጬ ነው የምጽፍልህ፣ አጥሩ ሥር፣ በጉልበቴ ላይ። ሰዉ በመንገድ እያለፈ ያየኛል። መምህሩ ሄደ ሲባል መምህሩ ይኸው። አጥሩ አያሳልፍምና ያንን ግንድ በትከሻዬ ተሸክሜ በመንደሩ መንገድ መዞር አለብኝ፤ እስከ ማታ ያልሰማ ሰው አይኖርም። ይሁን። ውቀጣው ቆመ። ጌሾውን እየገለበጠች ነው። እየጠራችኝ ነው።